ሳህኑ ላይ ቀይ ብቻ ሲበቅልብኝ ምን አደረግኩ

ከባቄላ ስር ሪዞቢየም ለማውጣት ሁለት ሳምንት ለፋሁ። ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉን የሚመግቡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ኮንጎ ሬድ የሚባል ቀይ ቀለም ባለው የእርሾና የማኒቶል (ስኳር መሰል ነገር) አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚያበቅሉበት የሳህን ጄል ላይ ግን በማግስቱ የሚበቅልልኝ ሁሉ ደማቅ ቀይ ነው። ቀዩ ሌላ ጀርም ነው፤ ሪዞቢየም ቀለሙን ብዙም አይመጥጥም። ነጣ ብሎ ለመውጣትም ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል።

መጀመሪያ አጋሩን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ እዚያ አልነበረም። ኖድዩሎቹን፣ ማለትም ሪዞቢየም የሚኖርባቸውን የስር እብጠቶች፣ ላያቸውን በበረኪና ካጸዳሁ በኋላ ያለቀለቅኩበትን የመጨረሻ ውሃ ሳህን ላይ ጠብ አደረግኩ። ያው ቀይ ወጣ! ለካ በረኪናው ተከፍቶ ስለቆየ ኃይሉ አልቋል።

አዲስ በረኪና ገዛሁ። ያልተሰነጠቁ፣ ውስጣቸው ሮዝ የሆኑ ኖድዩሎች መረጥኩ። ስቆርጣቸው ከስሩ ትንሽ ተውኩላቸው፤ አለዚያ በረኪናው ወደ ውስጥ ይገባል። 10 ሰከንድ በ95 በመቶ አልኮል፣ 3 ደቂቃ በበረኪና፣ ከዚያ 6 ጊዜ ከጀርም በጸዳ ውሃ። ጨፍልቄ ዘራሁ። 28 ዲግሪ፣ ጨለማ ውስጥ። ጨለማውን አደራ፤ ብርሃን ካገኘ ሪዞቢየምም ቀለም ይመጥጣል።

በ4ኛው ቀን ወተት የመሰሉ፣ የሚያዝለገልጉ ነጭ ነጠብጣቦች አየሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አሁን ከጀርም በጸዳ አሸዋ ላይ ባቄላ ዘርቼ ይህንኑ ባክቴሪያ ጨምሬበታለሁ፤ ኖድዩል ሲያወጣ ነው የማምነው።