ልጃችሁ ውትድርና ሄዶ ደብዛው ከጠፋ ከየት ትጀምራላችሁ?

ጦርነቱ አለቀ ተብሎ የሰው ልጅ ሲመለስ የናንተው ሳይመጣ፣ መርዶም ሳይደርሳችሁ የቀራችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ከኤርትራ ጋር በነበረው ከ1990 እስከ 1992 ባለው ጦርነት ልጃቸው የጠፋባቸውና እስካሁን እርማቸውን ያላወጡ እናቶች አሉ፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ በየትኛውም ወገን ተሰልፎ የጠፋ ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ነው። የኔ አክስት ከነዛ ከድሮዎቹ አንዷ ናት። ልጇን ስትፈልግ ኖራ ኖራ አሁን ሰፈር ውስጥ የቸገረው ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚመጣው፣ ማመልከቻ ታፅፋለች፣ አብራ ቢሮ ትሄዳለች፣ ታለቅሳለችም። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ከሷ ያየሁት ነው።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ መፃፍ አይበቃም፣ ስልክ ይሰረቃል ይሰበራል፣ ደብተር። የአክስቴ ደብተር ቁምሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው፣ በየገፁ አናት ላይ ቀን፣ የሄደችበት ቢሮ፣ ያናገራት ሰው ስምና ማዕረግ፣ ከስሩ ደግሞ የተባለችው ነገር። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሰኞ ነይ" የሚል ብቻ የተፃፈበት ገፅ ሁሉ አለ። ለምን ይሄን ትፅፊያለሽ ስላት "ሰኞ ሄጄ መቼ መጣሽ ሲሉኝ አሳያቸዋለሁ" አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ቀንና ስም ጠርቶ የሚናገር ሰው ጋ ባለስልጣንም ትንሽ ይጠነቀቃል።

ደብተሩ መጀመሪያ ላይ ስለ ልጁ የምታውቁትን ሁሉ አስፍሩ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም (ይሄ በጣም ያስፈልጋል፣ አበበ ከበደ የሚባል ስንት አለ)፣ የቤት ስሙና ጓደኞቹ የሚጠሩት ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ የሰለጠነበት ካምፕ ብርሸለቆ ይሁን ሁርሶ ይሁን ብላቴ ይሁን፣ ከዛ ክፍለ ጦሩ፣ ብርጌዱ፣ ሻለቃው፣ ሻምበሉ እስከምታውቁበት ድረስ። መለያ ቁጥሩን ከድሮ ደብዳቤ ወይ ከመታወቂያ ኮፒ ፈልጉ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቀንና የደወለበት ቁጥር፣ የት ነኝ እንዳለ፣ ደሞዙ አካውንቱ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገባበት ወር። ይቺ የደሞዝ ነገር እንደ ትንሽ ትታያለች ግን አንዳንዴ መስሪያ ቤቱ መቼ ከመዝገብ እንዳወጣው የምትጠቁመው እሷ ናት። ዓመተ ምህረት ስትፅፉ የኛንም የፈረንጁንም አድርጋችሁ ፃፉ፣ የልደት ዓመት በ7 ወይ በ8 ዓመት ተዛብቶ ሌላ ሰው ሆኖ የሚቀር አለ። ስሙም በእንግሊዝኛ ፊደል በምን በምን ሊፃፍ እንደሚችል ደርድሩት።

ከዛ ወደ ሰራዊቱ። በቃል መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ፃፉና መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ በናንተ ኮፒ ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ጥያቄያችሁን አታብዙት፦ በመዝገባችሁ ላይ ልጄ ምን ተብሎ ነው የተያዘው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ነው ያረጋገጠው። ምን ተብሎ የሚለው ላይ አደራ፣ "ከድቷል" ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ለጡረታውም ለስሙም ሌላ ጣጣ ነው፣ ያንን ሳታውቁ ዓመት ካለፈ ደግሞ ምስክር የሚሆኑት ጓደኞቹ ይበታተናሉ። ስለዚህ የተመለሱ ጓደኞቹን አሁኑኑ ፈልጉ። ስታናግሯቸው ግን ለነሱም ከባድ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን ቡና ጠጡ ተጫወቱ፣ የትና መቼ አብራችሁ ነበራችሁ የሚለውን ቀስ ብላችሁ፣ ሞቷል ካለም በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ ብላችሁ ለዩ፣ የነገረኝን ነገረኝ ሰንሰለቱ ብዙ ቤት አበላሽቷል።

ቀይ መስቀል ሌላው በር ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም ወይ የመንግስት ቢሮ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበርና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የተጠፋፋ ቤተሰብ የማገናኘት ስራ አላቸው፣ በነፃ ነው፣ አንድ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ቀይ መስቀል አይደለም። አጠገባችሁ ያለው ቅርንጫፍ ሄዳችሁ የፍለጋ ጥያቄ ታስመዘግባላችሁ፣ ያ ደብተር እዚህ ነው የሚጠቅማችሁ። የታሰረበት ቦታ ታውቆ እነሱ መግባት ከቻሉ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባል አጭር ደብዳቤ ይወስዱላችኋል፣ ሳይታሸግ ነው የሚሄደው፣ የያዘው አካልም ያነበዋል፣ ስለዚህ እህትህ ወለደች፣ እማማ ደህና ናት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ የቤት ወሬ ብቻ። ስለ ጦር ወይ ስለ ፖለቲካ አንድ መስመር ካለበት አይሄድም። ሌላም ነገር አለ፣ ሰውየው ተገኝቶ አድራሻዬን አትንገሩ ካለ አይነግሯችሁም፣ ያማል ግን ደንባቸው ነው።

በሁለት አገር መሀል በሆነ ጦርነት የተማረከ ሰው በ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) ሶስተኛው የጄኔቫ ስምምነት መሰረት ካምፕ በደረሰ ከሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ለቤተሰቡ ካርድ የመፃፍ መብት አለው፣ በ1977ቱ (እ.ኤ.አ.) የስምምነቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ቤተሰብ የዘመዱን እጣ የማወቅ መብት አለው ይላል። ወረቀቱ ይሄን ይበል እንጂ በተግባር ሌላ ነው። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስን አስታውሱ፣ በ1990 አስመራ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ የተማረከው አብራሪ፣ በ1995 መጀመሪያ ላይ የሁለቱ አገር ምርኮኞች ልውውጥ ሲያልቅ እሱ አልተመለሰም። አገር የሚያውቀው ሰው እንኳ እንዲህ ከሆነ የናንተ መዘግየቱ እናንተ ስላልሮጣችሁ አይደለም።

ደላላ! እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ልፃፍ። "ልጅሽ እንትን እስር ቤት አለ፣ ጠባቂውን አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ብር ላኪ" የሚል ስልክ ይመጣል፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ፎቶና ስልክ ቁጥር ከለጠፋችሁ ደግሞ በማግስቱ ይመጣል። ወርቋን ሸጣ የላከች እናት አውቃለሁ። የሚደውለውን ሰው አትስደቡት አትለምኑትም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ልጃችሁና እናንተ ብቻ የምታውቁትን፣ ለምሳሌ ልጅ ሆኖ ማን የሚባል ውሻ ነበረው። መልሱን ይዞ እስኪመጣ ሳንቲም የለም። ያንን ጥያቄና መልሱን ለማንም አትንገሩ፣ ለጎረቤትም። የምርኮኛ ቪዲዮ ላይ እሱን የሚመስል ካያችሁ ደግሞ ወዲያው ሴቭ አድርጉት፣ ሊንኩንና ያያችሁበትን ቀን ፃፉ፣ ቪዲዮ ሲጠፋ ጊዜ አይወስድበትም።

አሁን ቤት ውስጥ የሚያጣላው ነገር። ሚስት ካለችው፣ ልጆች ካሉት፣ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ትሄዳለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ (የ1952ቱ) አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ ይወሰንልኝ ማለት ይችላል። ውሳኔው ሲፀና ጋብቻው ይፈርሳል፣ የንብረትና የልጆች ነገርም ይከተላል። እናት ይሄን ስትሰማ ልጄን ገደለችብኝ ትላለች። እኔ የምለው፣ እናቶች፣ ምራታችሁን ልቀቋት። ያ ወረቀት ለቅሶ አይደለም፣ ልጆቹ የሚበሉበት ነው፣ ሰውየው ቢመለስ ደግሞ ሕጉ ንብረቱን መልሶ እንዲጠይቅ መንገድ አስቀምጦለታል። ማመልከቻው ላይ "ሞቷል" ሳይሆን "ጠፍቷል" ተብሎ እንዲፃፍ ብቻ ጠበቃውን አጥብቃችሁ ንገሩት። ተስካር ማውጣት አለማውጣት ግን የእናት ነው፣ በዛ ማንም አያስገድዳትም፣ ዘመድም ቄስም።

ለብቻ አትሂዱ። ስሪላንካ ውስጥ ቪሳካ ዳርማዳሳ የምትባል እናት አለች፣ ወታደር ልጇ እ.ኤ.አ. በ1998 ኪሊኖቺ በምትባል ቦታ መንግስትና የታሚል አማፂዎች ሲዋጉ ጠፋባት፣ እሱን ስትፈልግ የሌሎቹን የጠፉ ወታደሮች ወላጆች አሰባስባ ማህበር አቋቋመች። ወታደር አንገቱ ላይ መለያ ይሰርለት ብላ ተሟገተች፣ የሌላው ሰው ልጅ ስም አልባ ሆኖ እንዳይቀር ማለት ነው። ከዛ ደግሞ ጦር መስመሩን ተሻግራ ከወዲያኛው ወገን ልጃቸው የጠፋባቸውን የታሚል እናቶች ሄዳ አገኘች። ይሄኛው እኛ ጋ ከበድ ይላል፣ አውቃለሁ፣ "ጠላት" ያላችሁት ወገን እናት ጋ መደወል። ግን የናንተ ልጅ የወደቀበትን ቦታ የሚያውቀው የሷ መንደር ነው፣ የሷ ልጅ የተቀበረበትን ደግሞ የናንተ። ብትጀምሩ በአምስት በስድስት ቤተሰብ ጀምሩ፣ በእድር በኩል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ከሆነ ወደ ስድብ ይሄዳል። ማመልከቻ ላይ አምስት እናት ስትፈርም መዝገብ ቤቱም ሌላ ፊት ነው የሚያሳያችሁ።

ስለ ዲኤንኤ በአጭሩ። አጥንት ሲገኝ ማንነቱ የሚለየው ከዘመድ በተወሰደ ናሙና ነው፣ በእናት በኩል የሚወረስ አንድ ዓይነት ስላለ እናትና የአንድ እናት ልጆች በጣም ይጠቅማሉ። እስራኤል ውስጥ ዘካሪያ ባውመል የተባለው ወታደር እ.ኤ.አ. በ1982 ሊባኖስ ውስጥ ጠፍቶ አስከሬኑ የተመለሰው በ2019 ነው፣ አባቱ ሲፈልጉት ኖረው ከዛ በፊት በ2009 አርፈዋል። ስለዚህ እናት ካረጀች ናሙና የሚወሰድበት መንገድ ካለ ዛሬ ጠይቁ። ከዛ እስኪደርስ ደብተሩ ላይ የተሰበረ ጥርስ፣ የድሮ ስብራት፣ ጠባሳ፣ አንገቱ ላይ የነበረችው ማተብ ምን ዓይነት ክር እንደሆነች ሁሉ ፃፉ።

የመጨረሻው ስልክ ነው። ልጁ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ይኖራል፣ አብዛኛውን ጊዜ የእናቱ። ያ ሲም ካርድ ሳይሞላ ከቆየ ይዘጋል፣ ለሌላ ሰው ሊሸጥም ይችላል፣ ስለዚህ በየወሩ ካርድ የሚሞላ አንድ ልጅ መድቡ፣ እማማ ስልክ መያዝ ካቃታት እንኳ ቁጥሩ በሌላ ቀፎ ይስራ። ሰፈራችሁ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባችሁ፣ ወይ ከተማ ከቀየራችሁ፣ በዛው ሳምንት ቀይ መስቀል ሄዳችሁ አዲሱን አድራሻ አስቀይሩ፣ ፋይሉ ላይ ደግሞ ከእናትየው ሌላ ሁለተኛ ሰው ይመዝገብ፣ ወጣት ቢሆን ይመረጣል።