«በሞቴ» ከማለታችን በፊት፦ የካንሰር ታማሚ ምግብ እምቢ ሲል

አክስቴ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ማንኪያውን ገፋ አድርጋ «ይቅርብኝ» አለች። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። አንዷ «በሞቴ!» እያለች ታጎርሳታለች፣ ሌላው «ካልበላሽ በምን አቅምሽ ትድኛለሽ» ይላል። «ምኑ ነው የሚያስቸግርሽ?» ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ማታ በስልኬ መብራት አፏን ሳይ ምላሷና የጉንጯ ውስጥ ተልጧል። ለካ ቀኑን ሙሉ ቁስል ላይ በርበሬ ስንነሰንስ ነው የዋልነው።

«አልበላም» አንድ ችግር አይደለም። ከኋላው አምስት ስድስት ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ መላውም ለየቅል ነው።

ከሁሉ በፊት ሚዛን

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በዚያው ሚዛን መዝኑና ጻፉ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳይፈልግ በ6 ወር ውስጥ 3 ኪሎ ከቀነሰ 5 በመቶ ሄዷል ማለት ነው፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለሐኪሙ ይነገር። እግር ካበጠ ወይም ሆድ ውሃ ከቋጠረ ግን ሚዛኑ ያታልላል፤ ያኔ ክንድና ትከሻው መክሳቱን እዩ።

ስንት ይብላ? የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር (ኢስፔን) መመሪያ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ይላል፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለ እስከ 1.5። ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ አለው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ከሆነ ልኩን ሐኪሙ ይወስን።

«አፌን ያቃጥለኛል»

ኬሞና የጭንቅላትና አንገት ጨረር ቶሎ ቶሎ የሚታደሱትን የአፍ ሴሎች ይጎዳሉ። አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጡ። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም! እኛ ቤት ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ነበሩ፣ ለጥቂት ነው የተረፍነው። በቀን ብዙ ጊዜ ይጉመጥመጡትና ይትፉት። በርበሬ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ትኩስ ነገር ለጊዜው ይቅር። የኮመጠጠ እንጀራም ሊያቃጥል ይችላል። አልጫ፣ አቡካዶ፣ ለስለስ ያለ እንቁላል፣ የቀዘቀዘ ገንፎ በቅቤ ይሞከር። ምላስ ላይ ነጭ ነገር ከጋገረ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት ይፈልጋል፣ በመጉመጥመጥ ብቻ አይለቅም።

«ሽታው አስጠላኝ»

ማቅለሽለሹን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ነው፣ የሚያባብሰው ግን ወጥ ቤቱ ነው። የሽንኩርት ቁሌትና የሚቆላ ቡና ሽታ ከታማሚው ክፍል ይራቅ። የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው ያንሳል። የማስታወክ መከላከያ ክኒን በታዘዘበት ሰዓት ነው የሚዋጠው። ብዙ ቤት «አሁን ደህና ነኝ» ተብሎ ይዘለላል፣ ማታ ማስታወኩ ሲመጣ ክኒኑም አብሮ ይወጣል።

ሌላ ስህተታችን፦ የመጀመሪያው ኬሞ ቀን፣ ደስ ይበላት ብለን የምትወደውን ዶሮ ወጥ ሠራን። አእምሮ ማቅለሽለሹን ከበላው ምግብ ጋር ያያይዘዋል። ይኸው እስከ ዛሬ ዶሮ ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች። በኬሞ ቀን የሚወደድ ምግብ አታቅርቡ።

«ብረት ብረት ይለኛል» ካለች የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማንኪያ ስጧት፣ ከመብላቷ በፊት አፏን ትጉመጥመጥ፣ ቀይ ሥጋ ካስጠላት እንቁላልና ምስር ይተካዋል።

«ሁለት ጉርሻ በልቼ ጠገብኩ»

ጨጓራው ቶሎ አይፈጭም፣ ወይም ዕጢ ወይም ውሃ ከውጭ ተጭኖታል፣ አንዳንዴም የሆድ ድርቀት ነው። በቀን ስድስቴ በትንሽ ሳህን አቅርቡ። ውሃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሃል ትጠጣ። አጥሚቱን በውሃ ሳይሆን በወተት ሥሩት፣ የዱቄት ወተትና የለውዝ ቅቤ ጨምሩበት። ጠያቂ ሁሉ ይዞት የሚመጣው የአጥንት ሾርባ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አብዛኛው ውሃ ነው። ሥጋው ውስጡ ካልተፈጨ ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይሠራም።

ድርቀትና ተቅማጥ

ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ኦንዳንሴትሮንም እንደዚያው። ውሃ፣ ፓፓያ፣ ተልባ፣ ትንሽ መራመድ ይረዳሉ፣ ሞርፊን የሚወስድ ሰው ግን የሆድ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝለት ጠይቁ። ሆድ ተነፍቶ፣ ማስታወክ መጥቶ፣ ጋዝ እንኳ አልወጣ ካለ ተልባውን ተዉትና ወደ ሆስፒታል። ለተቅማጥ ኦአርኤስ፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ። በቀን ከወትሮው በ4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ ደውሉ። ትኩሳት 38 ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም።

ምግቡ ጉሮሮ ላይ ይቆማል

ይህ የወጥ ቤት ችግር አይደለም። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንዲህ ይጀምራል፦ መጀመሪያ እንጀራ፣ ከዚያ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውሃ። የቱ መቼ እንደቆመ ጽፋችሁ ውሰዱ፣ ቧንቧውን ማስፋት ወይም በቱቦ መመገብ የሚያስፈልግ ሊሆን ይችላል። ከ5 ቀን በላይ ምንም ያልበላ ሰው ላይ በአንዴ ብዙ መጫን አደጋ ስላለው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይጀመር።

«ስኳር ዕጢውን ይመግባል» እና ሌሎች

ዕጢን አስርቦ መግደል እንደሚቻል የተረጋገጠ ነገር የለም። ቀድሞ የሚራበው ጡንቻው ነው። ጾምን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፣ የንስሐ አባትን ማናገር ነው። ጾሙን መተው እሺ ካላለች ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ ይብዛላት። በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በወረደበት ጊዜ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት የለም። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ ባህል መድኃኒት ከወሰደች ለሐኪሙ ይነገር፣ ከኬሞው ጋር የሚጋጭ ይኖራል።

ሁሉም ተደርጎ ኪሎው ከወረደ

በሽታው ራሱ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) አስነስቶ ጡንቻ እየበላ ሊሆን ይችላል፣ ምግብ ብቻውን አይመልሰውም። ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ውሏል? ድብርት አለ? ከወንበር አሥሬ መነሳትና መቀመጥ እንኳ ጡንቻን ይይዛል። የታማሚው ስንፍና እንዳልሆነ ለቤተሰቡ ንገሩ። ሕክምናው ለምቾት ብቻ የሆነበት ደረጃ ላይ ከተደረሰ ደግሞ ረሃቡም አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ ከንፈር ማርጠብ፣ ራሷ የጠየቀችውን አንድ ማንኪያ መስጠት፣ «በሞቴ»ውን ደግሞ መተው።