ብርቅ ጥንታዊ ፒያኖ ያለው ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥንታዊ ፒያኖ የሙዚቃ መሣሪያ ከመሆኑም በላይ ሰነድ ነው። ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ተሠራና በማን እጅ እንደ ተጠገነ በእንጨቱ፣ በክሩ፣ በሙጫው፣ በውስጡ በተጠራቀመው አቧራ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። በጥገና ሥራ ላይ ለቆየን ሰዎች የሚያሳዝነው ነገር፣ በዚህ ሰነድ ላይ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱት ባለቤቶቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው፤ ያውም ከፍቅር የተነሣ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጣም የተለመደው ስህተት ከቁልፎቹ በላይ ባለው የስም ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ዓመት ፒያኖው የተሠራበት ዓመት አድርጎ መውሰድ ነው። «1853» የሚል ጽሑፍ ያገኘ ሰው ዕድሜውን ቆጥሮ ለዘመድ ወዳጅ ያበሥራል። ይሁን እንጂ ከታወቁት የፒያኖ ፋብሪካዎች ስታይንዌይ በኒውዮርክ፣ ቤክስታይን በበርሊን፣ ብሉትነር በላይፕሲግ የተመሠረቱት ሦስቱም በዚሁ ዓመት ነው፤ የተጻፈውም የድርጅቱ ልደት እንጂ የፒያኖው አይደለም። የሜዳሊያ ሥዕልም እንዲሁ ነው። የ1851ዱ የለንደን ኤግዚቢሽን ሜዳሊያ የታተመበት ሰሌዳ ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተሠራ ይነግረናል፤ ከዚያ ወዲህ መቼ እንደ ተሠራ ግን አይነግረንም። በሰሌዳው ላይ ያለው ስም የሠሪው ሳይሆን የነጋዴው ሊሆን እንደሚችልም መርሳት አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። በአንድ ፒያኖ ውስጥ ብዙ ቁጥሮች ይገኛሉ፤ በቁልፎቹ ላይ ያሉት ተራቸውን ብቻ ያመለክታሉ፣ ሌሎቹ የአናጺው ወይም የሻጩ ምልክቶች ናቸው። ትክክለኛው መለያ ቁጥር ተገኝቶም ቢሆን የፒያኖው ዓይነት ካልታወቀ ያሳስታል። የለንደኑ ፒያኖ ሠሪ ድርጅት ብሮድዉድ አራት ማዕዘኖቹን ፒያኖዎችና ግራንዶቹን (ክራቸው አግድም የተዘረጋ ረጃጅም ፒያኖዎች) በየራሳቸው ተራ ይቆጥር ስለነበር፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት መሣሪያዎች በብዙ ዓመታት የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዓይነቱንና የኦክታቩን (ከአንድ ድምፅ እስከ ስመ ጥምሩ ያለው ርቀት) ብዛት ሳይመዘግቡ ቁጥሩን ብቻ ይዞ የፋብሪካ ቁጥሮችን ዝርዝር ማገላበጥ ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከፋው ስህተት እመጣለሁ። ይኸውም ፒያኖውን ሳያነቡ ማጽዳትና «ማሳደስ» ነው። በአንድ ወቅት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የተሠራ አራት ማዕዘን ፒያኖ ወደ ሥራ ቦታችን መጣ። ባለቤቱ ታሪኩን ማወቅ ይፈልግ ነበር፤ ነገር ግን አስቀድሞ ለአንድ የቤት ዕቃ አዳሽ ሰጥቶት ነበርና ክዳኑ እንደ መስተዋት ያበራል። ክዳኑን ስናነሣ የመቃኛ ችንካሮቹ የተተከሉበት ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በላዩ ወፍራም ቫርኒሽ ተቀብቶበት አገኘነው። የፋብሪካው ጸሐፊ በቀለም የጻፈው ቁጥር የነበረበት ቦታ ቡናማ ጥላ ብቻ ቀርቶበታል፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ብንመረምረውም ከአንዳንድ አኃዝ በቀር ምንም አልታየንም። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስናወጣም፣ የዘመኑ ሠራተኞች ስማቸውን በሚጽፉበት ጎን ላይ የነበረው የእርሳስ ጽሑፍ ታጥቦ ጠፍቷል። የፋብሪካው መዝገብ አለ፣ ፒያኖውም አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጠፋ። እንዲህ ያለውን ጥፋት ሊመልስ የሚችል ባለሙያ የለም፣ ገንዘብም አይመልሰውም፤ ስለዚህ አንባቢን የምለምነው አጥብቄ ነው፦ ፎቶግራፍ ሳይነሣ፣ ሳይለካና ሳይጻፍ ምንም ነገር አይፈቅ፣ አይታጠብ፣ አይቀባ።

ይህ ጥፋት በታላላቅ መሣሪያዎችም ላይ ደርሷል። በ1700 ገደማ በፍሎረንስ ፒያኖን የፈለሰፈው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ከሠራቸው ፒያኖዎች እስካሁን የቆዩት ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ የ1720ው በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ የ1722ቱ በሮም፣ የ1726ቱ በላይፕሲግ ይገኛሉ። የኒውዮርኩ የሁሉ ቀዳሚ ነው፤ ሆኖም ድምፅ የሚያጎላው ጣውላው በ1938 በሌላ ተተክቷል፣ የቁልፎቹም የድምፅ ክልል ከመጀመሪያው ቦታ ተዛውሯል። ስለዚህ ክሪስቶፎሪ በጆሮው የሰማውን ድምፅ ዛሬ ከዚህ መሣሪያ መስማት አይቻልም።

ወደ ራሳችን ፒያኖ ስንመለስ፣ የበሰበሰ የሚመስል ነገር ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። የጥንት ፒያኖዎች ክሩን የሚመታው መዶሻ በቆዳ የሚለበስ ነበር፤ በሱፍ ፌልት (ተጨቁኖ በተዳመጠ ሱፍ) መልበስ የተጀመረው ፒያኖ ሠሪው አንሪ ፓፕ በፓሪስ በ1826 ካስተዋወቀው ወዲህ ነው። ቆዳውን ገፎ በምትኩ ዘመናዊ ፌልት የሚለጥፍ ሰው የሠሪውን ድምፅ አብሮ ይጥለዋል። የተበጠሰ ክር ቢሆንም ውፍረቱ በማይክሮሜትር ተለክቶ፣ የየትኛው ቁልፍ እንደ ነበረ ተጽፎበት በፖስታ ውስጥ ይቀመጥ።

ስለ ቅኝት ደግሞ አጭርና ግልጽ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። መቃኛ የሆነው «ላ» የተባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ንዝረት እንዲሆን ስምምነት የተደረሰው በ1939 ለንደን ላይ ነው፤ ፈረንሳይ በ1859 የደነገገችው 435 ነበር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በየከተማው ይለያይ ነበር። ዘመናዊ የኮንሰርት ግራንድ 20 ቶን ገደማ የሚደርስ የክር ውጥረት የሚሸከመው ከቀለጠ ብረት በተሠራ ማቀፊያው ነው፤ ፒያኖ ሠሪው አልፊየስ ባብኮክ በቦስተን ለአንድ ወጥ የብረት ማቀፊያ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1825 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ፣ አካሉ በእንጨት ብቻ የቆመ ፒያኖ በዘመናዊ የአረብ ብረት ክር ተወጥሮ እስከ 440 ከተቃኘ ይጣመማል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ጣውላው ይሰነጠቃል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ባለቤቱ ቃኚውን አመስግኖ ይሸኛል።

የቤተ ሰብ ወግም ጥንቃቄ ይሻል። «አንድ ታላቅ ሰው ተጫውቶበታል» የሚለው ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን መዝገብ ነው። ብሮድዉድ ለቤትሆቨን በስጦታ የላከው ፒያኖ ቁጥሩ 7362 ሲሆን፣ ዲሴምበር 27 ቀን 1817 በትሪየስተ በኩል ወደ ቪየና እንዲላክ መውጣቱ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ መሣሪያው ዛሬ በቡዳፔስት ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። የሙዚቃ ደራሲው ሾፓን በ1848 ወደ ለንደን ያመጣው፣ የፓሪሱ ፒያኖ ሠሪ የፕሌየል ግራንድ በአንጻሩ ያለ ምንም ወግ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ፣ በ2007 ማንነቱ የታወቀው 13819 የሚለው ቁጥሩ ከፕሌየል መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ነው። የገዛው ሰብሳቢም ሲገዛው የሾፓን መሆኑን አያውቅም ነበር። ያንን ቁጥር አንድ ትጉህ ሰው ቀደም ብሎ ፍቆት ቢሆን ኖሮ ምን ይቀር እንደ ነበር አንባቢ ያስብ።

ፒያኖውን ከማሞቂያ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ማኖር አይገባም። ያረጀ ሁሉ ብርቅ አይደለም፤ በ1900 አካባቢ የተሠሩ ቋሚ ፒያኖዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የዝሆን ጥርስ ቁልፍ ያለው ፒያኖ ከአገር ወደ አገር ከመሄዱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በብሪታንያ ከጁን 2022 ጀምሮ እዚያው አገር ውስጥ ለመሸጥ እንኳ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

የብሮድዉድ መዛግብት በእንግሊዝ አገር «ሰሪ» (Surrey) በተባለው አውራጃ የታሪክ ማዕከል፣ የፈረንሳዮቹ ፒያኖ ሠሪዎች የኤራር፣ የፕሌየልና የጋቮ ደግሞ በፓሪስ የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛሉ። ለእነዚህ ተቋማት ሲጻፍ የሚሠራው የመጨረሻ ስህተት «ፒያኖዬ ስንት ያወጣል?» ብሎ መጀመር ነው፤ የመዝገብ ሠራተኛ ዋጋ አይተምንም። የስም ሰሌዳውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል፣ ቁጥሩን ከተጻፈበት ቦታ ጋር፣ የቁልፎቹን ብዛት፣ የአካሉን ርዝመትና ወርድ በሚሊሜትር፣ የመዶሻዎቹንና የውስጡን ፎቶግራፍ አድርጎ የላከ ሰው ግን የሚመረመር ነገር ሰጥቷቸዋልና፣ ፒያኖው ከፋብሪካው የወጣበትን ቀንና የመጀመሪያ ገዢውን ስም የማግኘት ተስፋ አለው።