የድሮ ፖስተር፣ የሙዚቃ ሸክላና አሻንጉሊት እንዴት ይሰበሰባል? ዋጋውስ እንዴት ይታወቃል?

ዕቃ ቤት ስታጸዱ አንድ ካርቶን አገኛችሁ እንበል። ውስጡ ጥቂት በሥዕል የሚተረኩ የኮሚክ መጽሔቶች፣ ሁለት የሙዚቃ ሸክላ፣ የተጣጠፈ የፊልም ፖስተርና እጁ የተነቀለ አሻንጉሊት አለ። ወዲያው ስልካችሁን አውጥታችሁ ትፈልጋላችሁ። የሚሊዮን ዶላር ዜና ይመጣል። ልባችሁ ይዘላል። ቆዩ፣ ረጋ በሉ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ዕቃ ስላረጀ ብቻ ውድ አይሆንም። በጊዜው ከቁም ነገር ሳይቆጠር የተጣለው ነው ውድ የሚሆነው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ልጆች አነበቡት፣ ቀደዱት፣ ጣሉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ አሮጌ ወረቀት ከየቤቱ ሲሰበሰብ ብዙ የኮሚክ መጽሔት አብሮ ሄደ። ከተረፉት ጥቂት ቅጂዎች አንዱ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የ1991ዱ «ኤክስ-ሜን» የተባለው ኮሚክ ቁጥር 1 ግን ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተቸበቸበ። ስንቱ ገዢ ነገ ያከብረኛል ብሎ በላስቲክ አሽጎ አስቀመጠው። ዛሬም እንደታሸገ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ሁሉም ቤት ያለውን ዕቃ ማን ተሻምቶ ይገዛል?

1. እጃችሁን ሰብስቡ

ከካርቶን እንደወጣ ለመወልወል አትቸኩሉ። እኔ ጀማሪ እያለሁ አንድ የሸክላ ሽፋን ላይ የተለጠፈ የዋጋ ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ ላነሳ ስል ከነሥዕሉ ላጥኩት። እስካሁን ይቆጨኛል። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። የተቀደደ ወረቀት ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ላሚኔት ማድረግማ ጨርሶ አይታሰብ። የለቀቀ ቀለምም አትቀቡ። መቸኮል ያለባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሻንጉሊቱ ባትሪ ካለው አሁኑኑ አውጡት። ባትሪ ሲፈስ የውስጡን ብረት ይጨርሰዋል።

አለመንካት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ሸክላ ይመሰክራል። በ1966 አሜሪካ ውስጥ አንድ አልበማቸው ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ሙዚቀኞቹ ጥሬ ሥጋና የተቆራረጠ አሻንጉሊት ይዘው ይታያሉ። ቁጣ ተነሳ። ኩባንያው ሸክላዎቹን ሰበሰበና በብዙዎቹ ላይ አዲስ ፎቶ ለጥፎ መልሶ ገበያ አወጣቸው። ሥር ያለውን ሥዕል ለማየት የጓጓ ሁሉ በእንፋሎትም በጥፍሩም ላጠው። አሁን የላይኛው ፎቶ ሳይነካ የቆየ ቅጂ፣ ተልጦ ከተበላሸው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

2. የያዛችሁትን ዕቃ በትክክል ለዩ

አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈው ዓመት የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ባርቢ የተባለችው አሻንጉሊት ገበያ የወጣችው በ1959 ነው። ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ 1966 የሚል ተቀርጾባቸዋል። ይህን ያየ ሰው «የ60ዎቹ ናት!» ብሎ ይፈነድቃል። ቁጥሩ ግን የዚያ ዓይነት አካል ቅርጽ መብቱ የተመዘገበበት ዓመት ነው። በ1990ዎቹ በተሠሩትም ላይ ያው ቁጥር አለ። ከቁጥሩ ይልቅ የተሠራችበትን አገር ስም ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ጃፓን የተሠሩ ናቸው።

ሸክላ ከሆነ ሽፋኑን አትመኑ፤ ሽፋንና ሸክላ ይቀያየራሉ። የመጨረሻው ዘፈን ካለቀበት አንስቶ መሃል ላይ እስካለው ክብ ወረቀት ድረስ ባዶ ጥቁር ቦታ አለ። እዚያ ላይ የተጫሩ ቁጥሮችና ፊደላት ታያላችሁ። መብራት ሥር ዘንበል አድርጋችሁ አንብቧቸውና ዲስኮግስ ከተባለው የኢንተርኔት የሸክላ መዝገብ ጋር አመሳክሩ። የመጀመሪያው ኅትመት ይሁን ከዓመታት በኋላ የተደገመ፣ ብዙውን ጊዜ የሚለየው በዚህ ነው።

ፖስተር ከሆነ ሜትር አውጡ። ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የሚታተመው መደበኛ ፖስተር እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ 27 በ41 ኢንች ነበር። ይህም 69 በ104 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ለሲኒማ ቤቶቹ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ተጣጥፎ ስለነበር፣ ጀማሪ የሚጠላው የእጥፋት መስመር እንደውም ጥሩ ምስክር ነው። የ1950ዎቹ ነው ተብሎ አንድም እጥፋት የሌለው ከቀረበላችሁ ጥያቄ አብዙ። 24 በ36 ኢንች ከሆነማ ለግድግዳ ማስጌጫ የታተመ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

3. ፎርጅዱን ያዙት

ዋጋ ያለበት ሁሉ ፎርጅድ አለ። ጃዋ የተባለው ትንሹ የስታር ዋርስ ፊልም አሻንጉሊት በ1978 ሲወጣ ካባው ፕላስቲክ ነበር። ርካሽ ይመስላል ተባለና ፋብሪካው በጨርቅ ለወጠው። ባለ ፕላስቲክ ካባው ብርቅ ስለሆነ፣ ከሌላ አሻንጉሊት ላይ ካባ እየቆረጡ የሚያለብሱት ሞልተዋል።

ሁለት ርካሽ መሣሪያዎች ግዙ። አንዱ አጉሊ መነጽር ነው። ዋናው ኅትመት ላይ የጽሑፉ ጠርዝ ጥርት ያለ ይሆናል። በስካነር የተገለበጠው ላይ ግን ፊደሎቹ ራሳቸው በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠሩ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሌላው የአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ ነው። የዛሬ ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል ስላለበት ጨለማ ውስጥ በዚህ መብራት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የ1930ዎቹ ነው የተባለ ወረቀት እንዲህ ካበራ ነገር አለ። አለማብራቱ ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም፤ አሮጌ ወረቀት ፈልጎ የሚያትምም አለ።

ፊርማ ላይ እኔ ፈሪ ነኝ። የታዋቂ ሰዎችን ፊርማ ጸሐፊዎቻቸውም ማሽንም ሲፈርሙ ኖረዋል። «ኦሪጅናል ለመሆኑ ማረጋገጫ» የሚለውን ወረቀት ደግሞ ፕሪንተር ያለው ሁሉ ማውጣት ይችላል። ወረቀቱን ማን እንደሰጠ አጣሩ።

4. ጉዳቱን ያለ ርኅራኄ ቁጠሩ

ዕቃው የእናንተ ሲሆን ዓይን ይጨፈናል። ስለዚህ ጭረቱን፣ የታጠፈውን ጥግ፣ የጎደለውን ዕቃ፣ የደበዘዘውን ቀለም አንድ በአንድ ጻፉ። ለኮሚክ መጽሔት ሲጂሲ የተባለው ድርጅት ከ0.5 እስከ 10፣ የስፖርተኛ ፎቶ እንዳለበት ላለ የሚሰበሰብ ካርድ ደግሞ ፒኤስኤ የተባለው ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣሉ። የነጥብ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሚኪ ማንትል የተባለው የቤዝቦል ተጫዋች ያለበት የ1952ቱ የቶፕስ ኩባንያ ካርድ፣ 9.5 ያገኘው ቅጂ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያው ካርድ ተጨማድዶ ሲገኝ በአሥር ሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው። ደረጃ ማሰጠት ግን ገንዘብ ያስከፍላል። ለርካሽ ዕቃ አትድከሙ፣ ክፍያው ዕቃውን ይበልጠዋል።

5. የተጠራውን ትታችሁ የተከፈለውን ፈልጉ

ዋጋ መጥራት ነጻ ነው። ማንም ተነስቶ 5,000 ዶላር ብሎ መለጠፍ ይችላል፤ ገዢ ሳያገኝም ዓመት ይቀመጣል። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ስትፈልጉ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ተጫኑ። የጨረታ ቤቶችም ያለፈ ሽያጫቸውን በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ያው ዕቃ፣ ያው ኅትመት፣ ተቀራራቢ ጉዳት ያለው መሆኑን እያያችሁ ቢያንስ አምስት ሽያጭ መዝግቡ። ከሌሎቹ ተነጥሎ ሰማይ የወጣውን ተዉት፤ ሁለት እልኸኞች ተጋጥመው ይሆናል። መካከለኛው አካባቢ ያለው የእናንተ ዋጋ ነው። የቅርብ ወራት ሽያጭን አስበልጡ፣ አዲስ ፊልም ሲወጣ ዋጋ ይሰቀላል፣ ጫጫታው ሲበርድ ይወርዳል።

የጨረታ ውጤት ስታነቡ የሚታየው ገንዘብ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለውን ኮሚሽን ሊጨምር ይችላል። ያ ገንዘብ ሻጩ እጅ አይገባም። ነጋዴ ደግሞ ከዚህ ዋጋ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ቢሰጣችሁ አትቀየሙት፤ ኪራይ አለበት፣ ዕቃውም ሳይሸጥ ሊቀመጥ ይችላል።

6. አስቀምጡት

ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት አይሆኑም፤ አንዱ ያቃጥላል ሌላው ያሻግታል። ሰው የሚመቸው ክፍል ለዕቃውም ይመቸዋል። ፀሐይ አይንካው። ሸክላ ይቁም እንጂ አይደራረብ። ወረቀት አሲድ በሌለው ካርቶንና ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው የፕላስቲክ ዓይነት በተሠራ ከረጢት ይቀመጥ። የሚሸተው ለስላሳ የፒቪሲ ላስቲክ ቀስ በቀስ ይጣበቅበታል።

ስብስቡን ማሳደግ ከፈለጋችሁ ጠባብ ነገር ምረጡ፤ የአንድ ሙዚቀኛ ሸክላ፣ የአንድ አሥርት ዓመት ፖስተር። ስለ ጠባብ ነገር ቶሎ ዓይናችሁ ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛችሁት ጻፉ፣ ደረሰኙንም አያይዙ። ባለቤቱ በልጅነቱ ይዞት የተነሳው ፎቶ ካለ ለምኑና ቅጂውን ውሰዱ፤ ነገ ገዢ ሲጠራጠር የሚያሳምነው እሱ ነው። ማስታወሻውን ታዲያ በሌላ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ ጻፉት። እስክሪብቶ ከዕቃው አጠገብ አይድረስ።