በላዩ ላይ የተጻፈበትን የኤክሴል ፋይል እንዴት እንደመለስኩት

የዚህን ወር ሪፖርት ሳዘጋጅ ያለፈውን ወር ፋይል እንደ ቅጽ ልጠቀምበት ከፍቼ፣ የቆዩትን ቁጥሮች አጥፍቼ አዲሶቹን ካስገባሁ በኋላ፣ በሌላ ስም ማስቀመጥ ሲገባኝ በዚያው ስም አስቀምጬ ዘጋሁት። ስህተቱን ያወቅሁት የሥራ ባልደረባዬ የቀድሞውን ድምር ስትጠይቀኝ ነው፤ በጣም ደነገጥኩ። ፋይሉን ባልዘጋው ኖሮ ኮንትሮልና ዜድን ደጋግሞ መጫን ይበቃ ነበር፤ ኤክሴል ሴቭ ከተደረገ በኋላም ቢሆን እስካልተዘጋ ድረስ እስከ 100 እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሳልና። ሪሳይክል ቢን ውስጥ መፈለግ ግን ጥቅም የለውም፤ እዚያ የሚገባው የተሰረዘ ፋይል እንጂ በላዩ ላይ የተጻፈበት አይደለም።

የጠቀመኝ ፋይሉ በጋራ ሰርቨር ላይ መቀመጡ ነው። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ፋይሉን ተጭኜ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያም ፕሪቪየስ ቨርዥንስ የሚለውን ስከፍት ቀንና ሰዓት የተጻፈባቸው የቀድሞ ቅጂዎች ተደርድረው አገኘሁ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው ሪስቶርን በችኮላ እንዳትጫኑ ነው፤ የቀድሞውን ቅጂ አሁን ባለው ፋይል ላይ ስለሚተካው አዲሱ ሥራ በተራው ይጠፋል። እኔ የትናንቱን ቅጂ ከፍቼ ድምሩን ካረጋገጥኩ በኋላ በሌላ ስም ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩት።

ይህ የሚሠራው የሰርቨሩ ኃላፊ የፋይሎችን ቅጂ በየጊዜው የሚያስቀምጠውን ሻዶው ኮፒ የተባለ አገልግሎት ካበራው ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ለአንድ ድራይቭ ከ64 በላይ ቅጂ አይዝም፤ ቦታ ሲጠበው አሮጌዎቹን ስለሚያጠፋ ሳይዘገዩ መፈለግ ያስፈልጋል።