ክሩ ይጠማዘዛል፦ የዓባይ ዳር ሪል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል እጠግናለሁ። ዓሳ ማጥመድ ደግሞ አመሌ ነው። ሁለቱ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። የጎረቤት ልጅ ሪሉ አልዞር ብሎት ይዞት መጣ፤ ፈትቼ አጠብኩና ግራሶ ቀባሁለት። ወሬው ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ ከተነፈሱ ጎማዎች መሃል ሪል የማይቀመጥበት ሳምንት የለም።

ሪል የምለው ከዘንጉ ስር የሚንጠለጠለውን፣ ቀስት የመሰለ ሽቦ ያለውን፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ስፑል ከፊት የሆነውን ነው። በመንጠቆና በናይለን ክር ብቻ፣ በባዶ እጁ ለሚያጠምድ ሰው ይሄ ጽሁፍ ብዙም አይጠቅመውም። እሱ ለነገሩ ከእኛ የተሻለ ይዞ ነው የሚገባው።

ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ እንደሚረጥብ፣ ክር በየጊዜው እንደሚቀየር ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ።

ማባበያው አይነከስም

ዘመድ ከውጭ ሳጥን ሙሉ ማባበያ፣ መንጠቆ ያለበት ዓሳ ማታለያ፣ ይልካል። ሳጥኑ ላይ የሳልመን፣ የትራውት፣ የባስ ስዕል አለ። ሦስቱም እኛ ጋ የሉም። ትራውት የፈለገ ባሌ ይውረድ፤ ዌብ ወንዝ ላይ አለ፤ እሱም ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ጣና ያለን ነጭ ዓሳ፣ ቀረሶ፣ አምባዛና ቤሶ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው ትልቅ ዓሳ እንኳ ያንን 40 ሜትር የሚጠጋ ገደል ወጥቶ እኛ ጋ አይደርስም።

ሳልመን ለመራባት ወንዝ ሲገባ መብላት ያቆማል። ስለዚህ አጥማጁ 20 እና 30 ግራም የሚመዝን፣ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ማንኪያ መሰል ማባበያ ፊቱ ላይ እያሳለፈ ያናድደዋል። የእኛ ነጭ ዓሳ ግን የሚነክሰው ሊበላ ነው። መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ትንንሽ ዓሳ ውጦ እዚያ ያደቅቀዋል። ከጉሮሮው የማያልፈውን ነገር ምን ብሎ ያሳድደዋል? ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር፣ የጣት ርዝመት ያለው ይበቃል። ከሳጥኑ ውስጥ ለእኛ የሚስማማው የትራውቱ ነው። የሳልመኑን ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ ያምራል።

ጥርስ ስለሌለው ደግሞ ጫፉ ላይ የምትቋጥረው የብረት ሽቦ አያስፈልግም። እሱ ጥርሳም ዓሳ ላለበት አገር ነው። እዚህ የሚጠቅመው ዓሳውን ለማስደንበር ብቻ ነው።

ወርውረህ ወዲያው አትጠቅልል። ከወራጁ ውሃ አግድም፣ ትንሽ ወደ ታች ጣለው። እስከ አራት ቁጠር፣ ይስጠም። ከዚያ ውሃው ራሱ በቅስት ወደ ዳር ያመጣዋል፤ አንተ ክሩን ወጥሮ መያዝ ነው ስራህ። ብዙውን ጊዜ የሚነከሰው ቅስቱ ሲያልቅ፣ ማባበያው ሊዞር ሲል ነው። ወደ ላይ፣ ወራጁን ተቃርነህ ከጣልክ ግን ከውሃው ፍጥነት በልጠህ ጠቅልል፤ አለዚያ ማባበያው ሞቶ ይወርዳል።

ቀረሶ ካልነከሰ አትናደድ፤ ዋና ምግቡ አልጌ ነው። አምባዛ ከፈለግክ ማባበያውን ተወው፤ ሽታ ያለው ስጋ አድርግ፣ በማታም ሞክር። ነጭ ዓሳውም ቢሆን ሁሉም አዳኝ አይደለም። ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው፤ ዓሳ የሚበሉት 8ቱ ናቸው።

በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ጭቃ ይዘው ሲገቡ ውሃው ቡና በወተት ይመስላል፤ ማባበያህን ማን ያየዋል? ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሳው እንቁላል ሊጥል ወደነዚሁ ወንዞች ይወጣል። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቀውን ሰው ምን ልበለው? ሪሉን ይዞ ቢመጣ አልሰራለትም።

ክሩ ይጠማዘዛል፣ ስትወረውር እንደ ጎፈሬ ይወጣል

ይሄ ነው በሽታችን። ሰዎች ማባበያው ተበላሸ፣ ክሩ ፎርጅድ ነው፣ ሪሉ ሞተ እያሉ የሚመጡት፣ አብዛኞቹ፣ በዚህ ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ወርውረህ መጠቅለል ስትጀምር ክሩ ስፑሉ ላይ ልል ቀለበት እየሰራ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ውርወራ አስር ቀለበት አንድ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው የዘንግ ቀለበት ላይ ይታነቃል። ማባበያው ሜዳውን ጥሎ ይበራል፣ ወይ ክሩ ይበጠሳል። የዘንጉ ጫፍ ላይም ክሩ ራሱን እየጠመጠመ ታገኘዋለህ።

ለማረጋገጥ አንድ ሜትር ያህል ክር በሁለት እጅህ ያዝ። እጆችህን ቀስ ብለህ አቀራርብ። ክሩ ለስላሳ ሆኖ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ደህና ነው። እርስ በርሱ እንደ ጥንግ ድርብ ጥለት ከተጠመዘዘ ይሄው በሽታው።

አንድ ልጅ በጠዋት ከዓባይ ዳር ቀጥታ ሱቄ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ክር ነው የምቀይረው። ሁሉም ፎርጅድ ነው።» ክሩን አየሁት፤ ክሩ ምንም አልሆነም። ጫፉን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። «እኔ ዓሳ ነኝ፣ አውጣኝ» አልኩት። ሳብኩ። ፍሬኑ፣ ክሩ በኃይል ሲሳብ እያንሸራተተ የሚለቀው የሪሉ ክፍል፣ «ዝዝዝ» እያለ ክር ለቀቀ። ልጁ ማዞሪያውን እንደ ቡና መፍጫ ያዞራል። እኔ ወደሱ አንድ ስንዝር አልቀረብኩም። አንድ ባጃጅ ቆሞ «ጋሼ፣ ዛሬ የተያዙት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ሳቀብን።

ሃያ ጊዜ አዞረ። ሪሉ ላይ 5.2:1 ተብሎ ተጽፏል። ማዞሪያው አንዴ ሲዞር ክር የሚጠቀልለው ክፍል 5.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ የሳይክል ማርሽ በለው። ፍሬኑ እያንሸራተተ ክር ካልገባ ግን እያንዳንዱ ዙር ክሩ ላይ አንድ ጥምዝ ይጨምራል። ሃያ ሲባዛ በ5.2፣ 104 ጥምዝ። በአንድ ዓሳ ያውም በኔ። ልጁ ትልቅ ዓሳ በያዘ ቁጥር፣ ድንጋይም በያዘ ቁጥር እንዲህ ሲያደርግ ከርሟል። ክር ሻጩን ሲረግም ከርሟል።

መፍትሄው አንድ ነው። ፍሬኑ ሲጮህ ማዞሪያውን አትንካ። ዓሳው ሲሄድ ይሂድ። ሲቆም ዘንጉን ቀስ ብለህ ወደ ላይ አንሳ፤ ከዚያ ዘንጉን ዝቅ እያደረግክ ጠቅልል። አንሳ፣ ዝቅ እያልክ ጠቅልል። የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ የረገጠ ሰው ይገባዋል።

ፍሬኑንም አስተካክል። የክሩ ጥቅል ላይ የተጻፈውን ጥንካሬ እይ፤ ሩቡ ይበቃል። 8 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙላና ክሩ ጫፍ ላይ እሰር። ሪሉን ወደ ላይ ስታነሳው ጠርሙሱ ተነስቶ ፍሬኑ ትንሽ ትንሽ ከለቀቀ ልክ ነው። ጨርሶ ካልለቀቀ አላላ። ጠርሙሱ መሬት ላይ ቀርቶ ክሩ ብቻ ከወጣ አጥብቅ። ቤት ስትገባ ደግሞ አላላው፤ እንደጠበቀ የሚያድር ፍሬን ሳህኑ ተጣብቆ ያድራል።

ሁለተኛው ምክንያት አዲስ ክር ሲሞላ የሚፈጠር ነው። አንድ ሽማግሌ ልጃቸው የላከላቸውን ሪል ቤት ቁጭ ብለው ሞልተውት መጡ። ባለቤታቸው ጥቅሉን በእስኪርቢቶ ይዘው፣ እሳቸው ሲያዞሩ። ሥራው ሲታይ ያምራል። ግን እስከ ጠርዙ ሞልተውታል፣ አዟዟሩም ተቃራኒ ነው። አንድም ቀን ሳይወረወር ተጠማዟል። እንዲህ አድርጉት። ጥቅሉን መሬት ላይ አስተኙት፣ ጽሁፉ ወደ ላይ። ክሩን በጣታችሁ ወጥራችሁ ሃያ ዙር ጠቅልሉ። ከዚያ ቁሙና ክሩን አላሉት። ከተጠማዘዘ ጥቅሉን ገልብጡት። ካልተጠማዘዘ ቀጥሉ። ጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቁሙ። ክር ተረፈ ብሎ መሙላት ገንዘብ ማዳን አይደለም።

ሦስተኛው ማባበያው ራሱ ነው። ስፒነር የምንለው፣ ሽቦ ላይ የሚዞር የብረት ቅጠል ያለው ማባበያ፣ ቅጠሉ ነው መዞር ያለበት እንጂ ሽቦውና መንጠቆው አይደሉም። ገበያ ላይ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ሽቦአቸው ከፓኬቱ ሳይወጣ የጎበጠ ነው። ዳር ላይ ጎትተህ እይ፤ ሙሉ አካሉ ከተሽከረከረ ሽቦውን በፒንሳ አቃና። ካልሆነ ጣለው። ከማባበያው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስዊቭል ይግባ፤ ያቺ ሁለት ዓይን ያላት፣ የምትሽከረከር ትንሽ ብረት። ርካሿን ስትገዛ ባዶዋን አሽከርክረህ አትመን፤ ባዶ ሁሉም ይዞራል። በሁለት እጅህ ወጥረህ አሽከርክራት። ወጥረህ ካልዞረች ጌጥ ናት። ኩሽኔታ ያላት ትሻላለች። ያም ሆኖ ከፍሬኑ ጋር እየታገለ ለሚጠቀልል ሰው የትኛዋም ስዊቭል አታድነውም። ይሄን ስንቴ ተናገርኩ!

አራተኛው ትንሽ ይመስላል። ከወረወርክ በኋላ ቀስት ሽቦውን በማዞሪያው አትዝጋ፤ በእጅህ ዝጋ። ከዚያ ክሩን አንዴ ሳብ አድርግና ጀምር።

የተጠማዘዘውን ክር አትጣል። ማባበያውንም ስዊቭሉንም ፍታ፤ ጫፉ ባዶ ይሁን። ወራጅ ውሃ ላይ ቁምና 50 ሜትር ያህል ልቀቅ። አምስት ደቂቃ ያዘው። ውሃው እየጎተተ ራሱ ይፈታዋል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ቆንጥጠህ ጠቅልል። ከጀልባ ኋላ መጎተትም ያው ነው፤ እምቦጭ በሌለበት ግን።

እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁ። አንድ ጥቅምት፣ ከጢስ ዓባይ በላይ፣ ከባድ ነጭ ዓሳ ያዝኩ። ውሃው ጠርቶ ነበርና ሆዱ ሲያብረቀርቅ ታየኝ። ሄደ። እኔ እሱ እየሄደ ጠቀለልኩ። ሁለተኛ ሲሄድ የጎፈሬው ቀለበት የዘንጉ መጀመሪያ ቀለበት ላይ ተወሸቀ። ጠብ አለ። ያን ቀን ክሩን ረገምኩ፤ ገዝቼ ቀየርኩም። ክሩ ምንም አላደረገኝም ነበር።

ይነክሳል፣ ግን ያመልጣል

መንጠቆው ደንዟል። ጫፉን አውራ ጣትህ ጥፍር ላይ ቀስ አድርገህ ሳበው፤ ከተንሸራተተ በሞረድ ሳለው፣ ከቧጠጠ ደህና ነው። በለስላሳ ብረት የተሰራ ርካሽ መንጠቆ ደግሞ ዓሳው ሲስበው እንደ ሚስማር ይቃናል። እሱን አትሳል፣ ቀይር።

ክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል

የዘንጉ ቀለበት ውስጥ ያለው ሸክላ ተሰንጥቋል። በዓይን አይታይም። ጥጥ በየቀለበቱ አሳልፍ፤ ጥጡን የያዘው እሱ ነው። ማጣበቂያ ቀብቶ ማለፍ የለም፤ ቀለበቱ ይቀየር።

ድንጋይ ያዘው

የዓባይ ጥቁር ድንጋይ ማባበያ ይወዳል። በዘንግ አትሳብ፣ ይሰበራል። ክሩን እጅህ ላይ አትጠምጥም፣ ጣትህን ይቆርጠዋል። እንጨት ላይ ጠምጥምና ቀጥ አድርገህ ሳብ። መጀመሪያ ግን ከዳሩ ወደ ላይ ተራመድና ከሌላ አቅጣጫ ሞክር፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ሦስት ጫፍ ያለውን መንጠቆ በነጠላ ብትቀይረው ደግሞ መያዙ ራሱ ይቀንሳል።

ማባበያ ለማስለቀቅ ባዶ እግርህን አትግባ። ቢልሃርዝያ አለ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ካለው ከጨረጨራ ግድብ በር ውሃ ሲለቀቅ የቆምክበት ድንጋይ ሊዋጥ ይችላል። ሲመሽ ደግሞ ጉማሬ ለግጦሽ ይወጣል፤ ከሱና ከውሃው መሃል አትቁም። የተበጠሰ ክርም እዚያው አትተው፤ ወፍ እግሩን ይታሰርበታል። ባለፈው አንድ ይብራ ከክር ስንፈታ ሰዓት ሙሉ ፈጀብን፤ ምስጋናው እጄን መንከስ ነበር።

ሪሉ ሲዞር ይንኳኳል

አሸዋ ነው። አሸዋ ላይ አታስቀምጠው ብዬ ሰልችቶኛል። ፈትተህ በነጭ ጋዝ እጠብ፣ አድርቅ፣ ማርሹን ቀጭን ግራሶ፣ ኩሽኔታውን አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት። የመኪና ግራሶ ሞልተህ እንዳትመጣ። የፈታኸውን በተራ ጨርቅ ላይ ደርድር፤ በፌስታል ተጠቅልሎ የመጣ ሪል እኔም አልገጥምም።

የቀሩት ብርቅ ናቸው። ቀስት ሽቦው አልመለስ ካለ ስፕሪንጉ ነው። ማዞሪያው እየዞረ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ማርሹ ጥርሱን ጨርሷል፤ ለርካሽ ሪል መለዋወጫ አትፈልግ። የዘንጉ ጫፍ ከተሰበረ ሳትፈታው ባጃጅ ውስጥ ገብተሃል።