ጸሐፌ ትእዛዝን ለልጆች በድንች ማኅተም ማስተማር

የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። አምስተኛ ክፍሎችን «ትልቅ ባለሥልጣን ምን ይሠራል?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሱ ያው ነው፦ «ስብሰባ»። ተሳስተዋል ማለት ይከብዳል። ግን በስብሰባ ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ እኔ የምጀምረው ከጸሐፌ ትእዛዝ ነው። የንጉሡን ቃል የሚጽፍና ማኅተሙን የሚይዝ ሰው የድሮ ሹመት ነው፤ ሥራው ደግሞ በእጅ የሚነካ ነው፤ ወረቀት፣ ቀለም፣ ማኅተም።

ቤት ውስጥም ይሠራል። ሁለት ትልልቅ ድንች፣ የማኅተም ቀለም፣ ነጭ ወረቀትና አንድ ባዶ ጣሳ አዘጋጁ። ቢላውን አዋቂ ይያዘው።

መጀመሪያ ሚና አከፋፍሉ። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ አንዱ አዋጅ ነጋሪ። ሁሉም ንጉሥ ልሁን ይላል። ተዉአቸው፣ ቆይተው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ንጉሡ ይናገራል እንጂ አይጽፍም። ለምሳሌ «ከነገ ጀምሮ ማንም ሰው ጫማውን በር ላይ ያውልቅ» ይበል። ጸሐፌ ትእዛዙ ይህን ወደ ደብዳቤ ይለውጣል። የድሮውን ወግ አስይዙት፦ «ይድረስ ከእገሌ፤ እንዴት ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይልና ወደ ጉዳዩ ይገባል። መጨረሻ ላይ ቀኑን ጽፎ «አዲስ አበባ ከተማ ተጻፈ» ይላል። ለጫማ ጉዳይ ይህን ሁሉ ሲጽፉ በሳቅ ይሞታሉ። ይሳቁ።

አሁን ማኅተሙ። ድንቹን ለሁለት ቁረጡና ፊቱን በጨርቅ አድርቁት። ካልደረቀ ቀለሙ ይዝረከረካል። አንበሳ ለመቅረጽ አትሞክሩ፤ «ኢ» ይበቃል። የ«ኢ» እግር ወደ ቀኝ ነው የምትወጣው። እንዳለች ከተቀረጸች ወረቀቱ ላይ ወደ ግራ ዞራ ቁጭ ትላለች። ይህን አስቀድማችሁ አትንገሯቸው። ሁለተኛው ድንች ለዚያ ነው።

ማኅተሙ የት ይመታል? ልጅ ሁሉ ከታች ይመታዋል፤ የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ የለመደው እሱን ነዋ። የዳግማዊ ምኒልክን ደብዳቤዎች ፎቶ አሳዩአቸው። ማኅተሙ ያለው ከላይ፣ ራስጌው ላይ ነው። መሐሉ አንበሳ፣ ዙሪያውን ጽሑፍ። ተቀባዩ አንድ ቃል ሳያነብ የማን ደብዳቤ እንደሆነ ያውቃል።

ታሪኩን እጃቸው በቀለም እንደተለወሰ ጣል አድርጉ። ያኔ ይሰማሉ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር ያደረጉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይን ነው። የንጉሡን ዜና መዋዕል የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ጦሩ የተሰጠው ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበር። ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ጦሩን ይላሉ።

እዚህ ጋ ቸኩላችሁ አትለፉ። ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት መጣ፤ ለመኮንን እንዳልካቸው ተሰጠ። በማዕረግ የበላይ እሳቸው ናቸው። ግን የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ጉልበት የነበረው ማን ነበር ሲባሉ የሚጠሩት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስን ነው። ለምን? ንጉሡ ያሉትን የሚሰማ፣ የሚጽፍና የሚያትም ሰው ከሁሉም ይቀርባቸዋል። በ1947 ዓ.ም. ግን ተነሡና ወደ አርሲ፣ አገረ ገዥ ሆነው ተላኩ። አሁን ንጉሡ ድንቹን ከጸሐፌ ትእዛዙ ይቀበልና ለሌላ ልጅ ይስጥ። አልሰጥም ብሎ የሚታገል አይጠፋም። ቅድም ንጉሥ ካልሆንኩ ያለው ልጅ ራሱ አሁን ድንቹን ይፈልጋል።

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ደግሞ ከ1953 ዓ.ም. እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። «ከዚያስ?» መባሉ አይቀርም። አትሸፋፍኑት፣ አታስረዝሙትም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸውና የሚጠይቁትን መልሱ።

ጣሳው የአዋጅ ነጋሪው ነው። ነጋሪት እንደሚጎሰመው ይምታና ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ያንብብ። ጎረቤት ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጀው በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ነው፤ ስሙ ከዚያው ከበሮ የመጣ ነው። አሁንም ይታተማል። አንድ ቅጂ ከኢንተርኔት አውጡና አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የተጻፈበትን አዋጅ አሳዩአቸው። ከዚያ መጨረሻው ላይ የማን ስም እንዳለ ይፈልጉ። የሪፐብሊኩን ፕሬዚዳንት ስም ያገኛሉ። ሕጉን የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማል።

«አልፈርምም ቢልስ?» የሚል ልጅ ካለ ደስ ይበላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ላይ መልሱን አስቀምጧል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ጠቅላይ ሚኒስትሩስ?» ነው። እሱን ለሌላ ቅዳሜ አቆዩትና እጃቸውን አስታጥቧቸው። የማኅተም ቀለም በአንድ ጊዜ አይለቅም።